ስክሪንሾቱ ደርሷል፣ ብሩስ? ክፍያ አፕ ውስጥ ሲገባ ገንዘባችንን ማን ይይዘዋል?

ቴሌግራም ላይ ዕቃ ገዝታችሁ የምታውቁ ከሆነ አካሄዱን እኛ ልንነግራችሁ አያስፈልግም። ፎቶውን ታያላችሁ፣ "አለ?" ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ "አለ፣ ኢንቦክስ" ትባላላችሁ። የሒሳብ ቁጥር ይላክላችኋል። ከቴሌግራም ወጥታችሁ ወደ ባንካችሁ አፕ ወይም ወደ ቴሌብር ትገባላችሁ፣ ብሩን ትልካላችሁ፣ ስክሪንሾት ታነሳላችሁ፣ ተመልሳችሁ ትለጥፋላችሁ። ከዚያ መጠበቅ ነው። ሻጩ "ገብቷል" እስኪል ድረስ ሆድ አይረጋም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ግዢው አንድ አፕ ላይ ነው፣ ክፍያው ሌላ አፕ ላይ ነው፣ ማስረጃው ደግሞ ፎቶ ነው። ሦስቱን የሚያስተሳስር ነገር የለም። ቴሌግራም ስለ ብሩ የሚያውቀው የለም። ባንኩም ብሩ ለጫማ ይሁን ለቤት ኪራይ አያውቅም። ፎቶ ደግሞ ፎቶ ነው፤ ስልክ ላይ ቁጥር መቀየር የሚችል ማንም ልጅ ያልተላከ ብር "ተልኳል" ማስባል ይችላል። ለዚህ ነው ሻጮች "ስክሪንሾት አንቀበልም፣ ሒሳባችን ላይ ካላየን ዕቃ አይወጣም" ብለው የሚለጥፉት። ገዢው በበኩሉ የሚፈራው ሌላ ነው፦ ብር ልኮ ብሎክ መደረግ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለቱም የሚፈሩት እውነተኛ ነገር ነው።

መፍትሔ የሆነው ያው የድሮው መንገድ ነው፤ ዕቃውን በሞተር ልኮ ብሩን በካሽ መቀበል። ይሄም ዋጋ አለው። ሞተረኛው ቀኑን ሙሉ የሰው ብር ተሸክሞ ይዞራል። ገዢው "ሐሳቤን ቀየርኩ" ካለ የመመለሻው ሒሳብ ሻጩ ላይ ያርፋል። አዲስ አበባ ውስጥ ይሄ እንደምንም ይሠራል። ሐዋሳ ያለች ገዢ ከመርካቶ ሻጭ ስትገዛ ግን ከሁለት አንዱ ቀድሞ ማመን አለበት። ብዙውን ጊዜ ቀድማ የምታምነው ገዢዋ ናት።

ዛሬ የምናነሳው ርዕስ በዓለም ላይ ትልቅ ቢዝነስ የሆነ ነገር ነው፦ ክፍያን ከውጭ ሳይሆን እዚያው አፑና ገበያው ውስጥ መክተት። ስሙ ከባድ ይመስላል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። ዕቃውን ባያችሁበት ቦታ ትከፍላላችሁ፣ ሲስተሙ ክፍያው ለየትኛው ዕቃ እንደሆነ ያውቃል፣ የሻጩን ድርሻ ለሻጩ፣ የገበያውን ኮሚሽን ለገበያው ራሱ ይከፋፍላል። ስክሪንሾት የሚባል ነገር የለም። እኛ አገር መሠረቱ እየተጣለ ነው፤ ግን ወሳኙ ጥያቄ ገና በደንብ አልተጠየቀም። እሱም፣ ብሩ ከእናንተ ከወጣ በኋላ ሻጩ ጋ እስኪደርስ ድረስ የት ነው ያለው? በማን እጅ?

ከቻይና እንጀምር፤ ምክንያቱም የኛን ችግር ከሃያ ዓመት በፊት አይተውታል።

እ.ኤ.አ. በ2003 አሊባባ ታኦባኦ የሚባል የኦንላይን ገበያ ከፈተ። ቻይና ውስጥ ያኔ ክሬዲት ካርድ ያለው ሰው ጥቂት ነበር፣ የማያውቁትን ሰው በኢንተርኔት አምኖ ብር መላክም እንደ እብደት ይቆጠር ነበር። ሰዎች ታኦባኦ ላይ ይገባሉ፣ ያያሉ፣ ያወራሉ፣ አይገዙም። ታኦባኦ ያመጣው መላ ለኛ አዲስ አይደለም፤ አደራ ነው። ገዢው ብሩን ለሻጩ ሳይሆን ለታኦባኦ ያስገባል። ታኦባኦ ለሻጩ "ብሩ እኛ ጋ ነው፣ ዕቃውን ላክ" ይለዋል። ዕቃው ሲደርስ ገዢው "ተቀብያለሁ" ይላል፣ ያኔ ብሩ ለሻጩ ይለቀቃል። የመጀመሪያው እንዲህ ዓይነት ግብይት በዚያው ዓመት ጃፓን ባለ ሻጭና ሺያን ከተማ ባለ ገዢ መካከል የተደረገ የአሮጌ ካሜራ ሽያጭ ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2004፣ ይሄ አሠራር አሊፔይ በሚል ስም ራሱን ችሎ ወጣ።

በዚያው ሰሞን የአሜሪካው ኢቤይ ቻይና ውስጥ ኢችኔት የሚባለውን ትልቅ ገበያ ገዝቶ በሙሉ ጉልበቱ ገብቶ ነበር። ገንዘብ ነበረው፣ ስም ነበረው። በ2006 ግን ሥራውን ለአገር ውስጥ ሽርክና አስረክቦ ወጣ። ታኦባኦ ሻጮችን በነፃ ማስመዝገቡ አንዱ ምክንያት ነው፤ ሌላው ግን ይሄ የአደራ ክፍያ ነው። ሰው ዕቃ ወደሚበዛበት ብቻ ሳይሆን ብሩ ወደማይጠፋበት ገበያ ነው የሚሄደው።

ኢቤይ በገዛ አገሩ ይሄን በደንብ ያውቅ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የራሱ የክፍያ ሲስተም እያለው ሻጮቹ ግን ፔይፓልን መረጡ፤ በመጨረሻ ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ2002 ፔይፓልን በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በ2015 ተለያዩ። ከዚያ ኢቤይ ክፍያውን እንደገና ወደራሱ ቤት አስገባ፤ በ2018 አድየን የሚባለውን የሆላንድ ኩባንያ ከጀርባ ሠራተኛ አድርጎ መረጠ። ገበያና ክፍያ ሲጣሉም ሲታረቁም የሚያጣላቸው ነገር አንድ ነው፤ ብሩ የሚያልፍበትን በር የያዘ ሰው ሌላውን ሁሉ ይይዛል።

የዚህ ዘመን ሞዴል የተስፋፋው ግን በስትራይፕ ነው ማለት ይቻላል። ስትራይፕ በ2012 ኮኔክት የሚባል አገልግሎት ጀመረ። ሐሳቡ፣ የገበያ አፕ የሠራ ሰው የባንክ ሥራ ሳይሠራ በሺዎች ለሚቆጠሩ ሻጮች ክፍያ መከፋፈል እንዲችል ነው። ሾፒፋይ በ2013 በስትራይፕ ላይ ተመሥርቶ የራሱን ክፍያ ጀመረ። ዛሬ የሾፒፋይ ገቢ ትልቁ ድርሻ ሱቆች ከሚከፍሉት ወርሃዊ የሶፍትዌር ኪራይ አይመጣም፤ ክፍያን ከመሳሰሉ አገልግሎቶች ነው የሚመጣው። የሶፍትዌር ኩባንያ መስሎ የሚኖር፣ ውስጡ ግን የብር መንገድ የሆነ ድርጅት ማለት ነው። ዩበርን አስቡት፤ ከመኪናው ወርዳችሁ በሩን ዘግታችሁ ትሄዳላችሁ፣ ክፍያው ከጀርባ ተከናውኗል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ፤ ከዩበር ጋር ለማነጻጸር ከታክሲ አፖቻችን የተሻለ ነገር የለም።

አዲስ አበባ ላይ ብዙ ተሳፋሪ የሚከፍለው በእጅ ነው፣ ወይ ደግሞ በቀጥታ ወደ ሹፌሩ ስልክ። ስለዚህ አፑ ብሩ ሲያልፍ አያየውም፤ ካላየው ደግሞ ኮሚሽኑን ቆርጦ መውሰድ አይችልም። ምን ተደረገ? ነገሩ ተገለበጠ። ሹፌሩ ቀድሞ አፑ ላይ ሒሳብ ይሞላል፣ በየጉዞው ኮሚሽኑ ከሞላው ላይ ይቀነሳል፣ ሒሳቡ ሲያልቅ ሥራ አይመጣለትም። ማለትም ሹፌሩ ገና ያልሠራበትን ሥራ ኮሚሽን አስቀድሞ ይከፍላል። በዩበር ሞዴል ኩባንያው የሹፌሩን ብር ይዞ ቆይቶ ይከፍለዋል፤ በኛ ሞዴል ሹፌሩ ኩባንያውን ያበድራል። ክፍያ አፕ ውስጥ አለመግባቱ ሲታይ ትንሽ የቴክኒክ ጉድለት ይመስላል፤ ግን የሥራውን ሸክም ማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው እሱ ነው።

መሠረቱ እየተጣለ ነው ብለናል። እስቲ ምን እንዳለ በአጭሩ። የብሔራዊ ክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 ገና ድሮ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ብሔራዊ ባንክ ባንክ ላልሆኑ ተቋማትም የክፍያ ፈቃድ የሚሰጥባቸውን ሁለት መመሪያዎች አወጣ፤ አንዱ እንደ ቴሌብር ላሉ የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ አውጪዎች፣ ሌላው ለክፍያ ሲስተም ኦፕሬተሮች። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ እንዳለው ኢትዮ ቴሌኮም ይገልጻል። እንደ አሪፍፔይ፣ ቻፓና ሳንቲምፔይ ያሉ የግል ኩባንያዎች ፈቃድ አግኝተው ገቡ። አዋጅ ቁጥር 1282/2015 የውጭ ባለሀብት እንዲገባ በሩን ከፈተ፣ ሳፋሪኮም በዚያው ዓመት መጨረሻ ኤምፔሳን ጀመረ። የባንኮቹን ሲስተም እርስ በርስ የሚያገናኘው ኢትስዊች ደግሞ ከነዚህ አገልግሎቶች በፊት የነበረ ነው።

ከዚህ ሁሉ ለርዕሳችን የሚጠቅመው ጌትዌይ የሚባለው ነው። ጌትዌይ ማለት የአንድ አፕ ወይም ድረ ገጽ "ክፈል" የሚለው ቁልፍ ከጀርባ ከቴሌብር፣ ከኤምፔሳ፣ ከባንኮች ጋር የሚገናኝበት ድልድይ ነው። አፕ የሚሠሩ ልጆች ከእያንዳንዱ ባንክ ጋር ለየብቻ መዋዋል አይጠበቅባቸውም። እንዲያውም ቻፓ ለፕሮግራመሮች ባወጣው መመሪያ ላይ ክፍያን የመከፋፈል አሠራር አለ፤ ለእያንዳንዱ ሻጭ ንዑስ ሒሳብ ትከፍታላችሁ፣ ድርሻውን በመቶኛ ወይም በቁርጥ ብር ትወስናላችሁ፣ ገዢው ሲከፍል ብሩ እዚያው ይከፈላል።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ የኛ ፈጠራ ናቸው። አንዲት ልጅ የሐበሻ ቀሚስ የሚሸጡ ሃያ ሰዎችን ሰብስባ አፕ ሠራች እንበል። አንድ ገዢ 4,000 ብር ከፈለ። ኮሚሽኗ 5 በመቶ ከሆነ 200 ብር የሷ ነው፣ የጌትዌዩ ክፍያ ይቀነሳል፣ የቀረው ለሻጩ ይሄዳል። ይሄ በሲስተም ካልተከፋፈለ ግን 4,000ው ሙሉ ልጅቷ ሒሳብ ላይ ይገባል። ሃያ ሻጭ፣ በቀን አርባ ትዕዛዝ ሲሆን የሷ የግል ሒሳብ የሰው ብር ማከማቻ ይሆናል ማለት ነው። ማታ ቁጭ ብላ በደብተር እያየች ትከፍላለች። አንድ ቀን እናቷ ታመው ከዚያው ሒሳብ ብር ብታወጣስ? ባንኩ በሆነ ምክንያት ሒሳቡን ቢያግደውስ? መጥፎ ሰው መሆን አይጠበቅባትም። የራስንና የሰውን ብር አንድ ኪስ ውስጥ መክተት በቂ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በአዋጁ መሠረት ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የክፍያ ሥርዓት ማንቀሳቀስ አይቻልም። የሰው ብር ሰብስቦ ለሌላ ሰው የሚያስተላልፍ ገበያ "እኔ አፕ ነኝ እንጂ ባንክ አይደለሁም" ቢልም ወደ አጥሩ እየተጠጋ ነው። ፈቃድ ባለው ድርጅት በኩል ማሳለፉ ለዚህም ጭምር ነው የሚጠቅመው። ስታርትአፕ የምትጀምሩ ልጆች ይቺን ነገር ጠበቃ ጋ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ከፌስቡክ ግሩፕ የሚገኝ መልስ አይበቃም።

ወደ ከባዱ ጥያቄ መጣን። ፈቃድ ያለው፣ የታወቀ፣ ትልቅ ድርጅት መሀል ላይ ቢቆምስ ብሩ ደህና ነው?

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ጀርመን ውስጥ ዋየርካርድ የሚባል የክፍያ ኩባንያ ወደቀ። በጀርመን ትልቁ የአክሲዮን መለኪያ ውስጥ ከተካተቱት 30 ኩባንያዎች አንዱ ነበር። ባንክ ውስጥ አለኝ ያለው 1.9 ቢሊዮን ዩሮ ተፈለገ፣ የለም። ጦሱ ለሌሎችም ተረፈ፤ እንግሊዝ ውስጥ በዋየርካርድ ሲስተም ላይ ቆመው የሚሠሩ አፖች ካርዳቸው ለቀናት ቆመ። ተጠቃሚው የዋየርካርድን ስም ሰምቶም አያውቅም ነበር።

ከዚህ ይበልጥ ለርዕሳችን የሚቀርበው የአሜሪካው ሲናፕስ ነው። ሲናፕስ በአፖችና በባንኮች መሀል የሚቆም ኩባንያ ነበር። ሰዎች በአፕ ብር ያስቀምጣሉ፣ አፑ በሲናፕስ በኩል ባንክ ያስገባል፣ የማን ስንት እንደሆነ መዝገቡን የሚይዘው ሲናፕስ ነው። በሚያዝያ 2024 ሲናፕስ ለኪሳራ ፍርድ ቤት ገባ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከ100,000 በላይ ሰዎች ብራቸውን ማውጣት አቃታቸው። ባንኮቹ ብር አላቸው፣ ግን የማን እንደሆነ አያውቁም። በፍርድ ቤት የተሾመችው ባለአደራ፣ የቀድሞዋ የአሜሪካ የባንክ ተቀማጭ ዋስትና ድርጅት ሊቀመንበር የሌና ማክዊሊያምስ፣ መዝገቦቹ ሲመሳከሩ ከ65 እስከ 96 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ጉድለት እንዳለ ለፍርድ ቤት አሳወቀች። አፖቹ ላይ "ብርዎ በመንግሥት ዋስትና የተጠበቀ ነው" የሚል ጽሑፍ ያነበቡ ሰዎች ዋስትናው የሚሠራው ባንክ ሲወድቅ እንጂ መሀል ያለው ኩባንያ ሲወድቅ እንዳልሆነ የገባቸው ያኔ ነው።

እዚህ ጋ ማንንም ለማስፈራራት አይደለም። የኛ አገር አሠራር የተለየ ነው፤ የቴሌብር ብር ከጀርባው በባንክ የተቀመጠ ብር አለው፣ ገዢ ከጌትዌይ ጋር የሚያገናኘው የክፍያው ቅጽበት ብቻ ነው እንጂ ቁጠባ አያስቀምጥበትም። ነገር ግን ሻጩን አስቡት። የሸጠው የዛሬ ነው፣ ብሩ ሒሳቡ የሚገባው ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ሊሆን ይችላል። በዚያ መሀል ያለው ብር የማን መዝገብ ላይ ነው? በአፑ ስም ነው ወይስ በሻጩ ስም? ድርጅቱ ቢዘጋ ያ ብር ለሻጮቹ ተለይቶ ይወጣል ወይስ ከባለ ዕዳዎች ጋር ተሰልፎ ይጠብቃል? የምትሸጡበት ገበያ ይሄን በሚገባችሁ አማርኛ ካልመለሰላችሁ ውሉን እንደገና አንብቡት።

ሌላው ብዙ ያልተወራበት ልዩነት የተመላሽ ጉዳይ ነው። አሜሪካ ያለ ሰው በካርድ ከፍሎ ዕቃ ካልደረሰው ወደ ባንኩ ደውሎ ክፍያውን መቃወም ይችላል። ካርድ የሚሠራው ሻጩ ከገዢው ሒሳብ ብር እየሳበ ስለሆነ፣ የተሳበውን የሚያስመልስ ሕግ አብሮ ተሠርቶለታል። በኛ አገር ግን ገዢው ራሱ ነው የሚልከው። በሚስጥር ቁጥራችሁ አረጋግጣችሁ ልካችኋል፤ ለባንኩ ጉዳዩ አልቋል። ብትደውሉ "ሻጩን ያነጋግሩ" ትባላላችሁ፣ ሻጩ ደግሞ ብሎክ አድርጓችኋል። ስለዚህ ክፍያን አፕ ውስጥ መክተት ብቻውን ለገዢ የሚፈታው ግማሹን ነው። ብሩ በፍጥነትና በትክክል ይደርሳል፤ ለሌባም በፍጥነትና በትክክል ይደርሳል። አሊፔይን አሊፔይ ያደረገው ፍጥነቱ አልነበረም፤ ብሩን መሀል ላይ ማቆየቱ ነው።

እኛ የሚገርመን ይሄ ነው። አደራ ማስቀመጥ፣ ዋስ መጥራት፣ ሽማግሌ መሀል ማቆም ባህላችን ነው። እቁብ የሚቆመው በዋስ ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ሰው እስከ መጨረሻው እንዲጥል የሚያስገድደው ያ ነው። ቤት ሲሸጥ ደላላ ብቻ ሳይሆን ምስክር ይቆማል። ኦንላይን ስንገባ ግን ይሄን ሁሉ ትተን ፎቶ ማመን ጀመርን። ትልልቅ ቻናሎች ላይ "መሀል ሰው" የሚባል ነገር መኖሩን ታውቃላችሁ፤ የቴሌግራም ቻናል ወይም የጌም አካውንት ሲሸጥ ሁለቱም የሚያምኑት አድሚን ብሩን ይይዛል። ይሄ ያለ ፈቃድ፣ ያለ ውል የሚሠራ አሊፔይ ነው። ፍላጎቱ እንዳለ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። አድሚኑ ራሱ ብሩን ይዞ ሲጠፋ ግን የሚጠየቅ የለም።

ታዲያ ፈቃድ ያለው ድርጅት ለምን ይሄን በስፋት አያቀርብም? አንዱ ምክንያት ክርክር ነው። ብሩን መሀል ላይ የያዘ ሰው ዳኛም ይሆናል፤ "ዕቃው ተቀዶ መጣ" ሲባል ፎቶ ማየት፣ ሻጭ መስማት፣ መወሰን አለበት። ይሄ ሰው ይፈልጋል፣ ወጪ ነው። ሁለተኛው አድራሻ ነው። ዕቃው በእርግጥ መድረሱን የሚያረጋግጥ ደሊቨሪ ከሌለ "ተቀብያለሁ" የሚለውን ቁልፍ ገዢው ባይጫነው ምን ይደረጋል? ሦስተኛው ሻጮቹ ራሳቸው ናቸው፤ ዛሬ የሸጠውን ዛሬ ካልተቀበለ ነገ ዕቃ የማያመጣ ነጋዴ ብሩ ሦስት ቀን ቢታሰርበት አይወድም። በዚያ ላይ በሲስተም ያለፈ ሽያጭ ሁሉ ተመዝግቦ ይቀራል፣ ግብር የሚፈራ ሻጭ ደግሞ የግል ሒሳብ ቁጥሩን ኢንቦክስ መላክ ይመርጣል። ይሄን ሳይናገሩ ማለፍ ማስመሰል ይሆናል።

ግን ያው መዝገብ ሻጩን ሊጠቅምም ይችላል፤ ለወጣት ሻጮች ትልቁ ነገር ምናልባት ይሄ ነው። ቤት የላችሁም፣ መኪና የላችሁም፣ ባንክ ብትሄዱ መያዣ ትጠየቃላችሁ። የስድስት ወር ሽያጫችሁ በአንድ ሲስተም ካለፈ ግን በየወሩ ስንት እንደምትሸጡ፣ ስንት ሰው ዕቃ እንደመለሰባችሁ የሚያሳይ ታሪክ አላችሁ። ሾፒፋይ ይሄንኑ መሠረት አድርጎ ከ2016 ጀምሮ ለሱቆቹ ብር ያቀርባል፤ ሲሸጡ ከሽያጩ እየተቀነሰ ይመለሳል። እኛ አገርም ቴሌብር በ2014 መጨረሻ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ መላ የሚባለውን አነስተኛ ብድር ያለ መያዣ ጀምሯል። ስክሪንሾት ግን ታሪክ አይሆንም፤ አንድ ሺህ ስክሪንሾት ይዛችሁ ብትሄዱ የሚያበድራችሁ የለም።

የኃይል ጉዳይም አለ። ኢትዮ ቴሌኮም ኔትወርኩ አለው፣ ቴሌብር አለው፣ ቴሌብር ሱፐርአፕ ውስጥ የሌሎች ድርጅቶች ትንንሽ አፖች አሉ፣ አሁን ደግሞ ዘመን ገበያ የሚባል የራሱን የኦንላይን ገበያ ከፍቷል። ለተጠቃሚ ምቹ ነው፣ አንካድም። በአንድ አፕ ካርድ ሞልቶ፣ ነዳጅ ከፍሎ፣ ዕቃ መግዛት ጥሩ ነው። ነገር ግን በሱፐርአፑ በኩል የሚሸጥ ሌላ ገበያ የሽያጭ መረጃው በተፎካካሪው ቤት እያለፈ ነው ማለት ነው። የትኛው ዕቃ በየትኛው ከተማ እንደሚፈለግ የሚያውቀው መንገዱን የያዘው ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ ይመለከታል፤ የነጋዴ የሽያጭ መረጃ በገበያ ባለቤት እንዴት ሊታይ እንደሚገባ ግን የውድድር ሕግ ጥያቄ ነው፣ ይሄ ክርክር እኛ ጋ ገና አልተነሳም። አውሮፓና ሕንድ አማዞን በራሱ ገበያ ላይ ሻጭም ዳኛም ሲሆን ዓመታት ተከራክረውበታል።

ስለዚህ ጌትዌዮቹ አነስተኛ ቢሆኑም መኖራቸው ዋጋ አለው ብለን እናምናለን። አንድ አፕ ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው በኩል መክፈል ከቻለ ማንም ብቻውን በሩን አይዘጋም። ገንቢዎች ሆይ፣ አንድ ዋሌት ላይ ብቻ የተሠራ አፕ ከሠራችሁ ኔትወርኩ በተቋረጠ ቁጥር ሱቃችሁ ይዘጋል። ይሄንን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፣ የደመወዝ ሰሞን ይበቃል።

ለዳያስፖራ ወገኖቻችንም አንድ ቃል። ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ድርጅት አካውንት አይከፍትም። በ2020 የናይጄሪያውን ፔይስታክ ሲገዛ አፍሪካ ውስጥ ብዙ ተስፋ ተሰምቶ ነበር፤ እኛ ጋ ግን አልደረሰም። ጎፈንድሚም ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ የባንክ ሒሳብ አይከፍልም። ለዚህ ነው ለሕክምና ገንዘብ ሲሰበሰብ ዲሲ ወይም ዳላስ ያለ ዘመድ በስሙ ከፍቶ፣ ብሩ ሒሳቡ ከገባ በኋላ ራሱ ወደ አገር ቤት የሚልከው። ለጋሹ የሚያምነው ፕላትፎርሙን ይመስለዋል፤ መጨረሻ ላይ ግን የሚያምነው ያንን አንድ ዘመድ ነው። እዚያም "መሀል ሰው" አለ።

በሚቀጥለው ሳምንት የደሊቨሪ ነገርን እናያለን፤ ዕቃ መድረሱን ማን ያረጋግጣል የሚለው ካልተፈታ የአደራ ክፍያ አይሠራምና። እስከዚያው ኦንላይን የምትሸጡ ልጆች ብራችሁ ከገዢ ወጥቶ እናንተ ጋ እስኪደርስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ዕቃ ሲመለስ ኪሳራውን ማን እንደሚችለው ጻፉልን። ስም አንጠቅስም።